አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?

በቴሌግራም ቻናሎች ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ጥሪ አለ። የአንድ ሰው የፌስቡክ ወይም የቲክቶክ ገጽ ሊንክ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ሁላችሁም ገብታችሁ ሪፖርት አድርጉት፤ እስኪዘጋ ድረስ እንዳታቆሙ» የሚል ትእዛዝ ይከተላል። አንዳንዴ ላልገባው ሰው በስክሪንሾት ላይ በቀይ ቀስት ይመለከትለታል፦ መጀመሪያ ሦስቱን ነጥቦች ተጫን፣ ቀጥለህ «ሪፖርት» በል፣ ከዚያ «የጥላቻ ንግግር» የሚለውን ምረጥ። ጥሪውን ተቀብሎ የሚጫነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተከሰሰውን ጽሑፍ አላነበበውም። እንዲያነብ አልተጠየቀማ! የተጠየቀው ቁጥር እንዲሞላ ነው። ከሰዓታት በኋላ «ድል! ገጹ ወርዷል» ይባላል፤ ጭብጨባው ይዘንባል፤ ሰውየው ለመሆኑ ምን ጽፎ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

በኢንተርኔት ላይ ስለሚዘዋወር ስድብና ጥላቻ ስንከራከር ጥያቄውን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ እናነሣዋለን፦ ጽሑፉ ይነሣ ወይስ ይቆይ? አንዱ ስለ መናገር ነጻነት ይሟገታል፤ ሌላው ሊፈስ ስለሚችለው ደም። የሁለቱም ሥጋት እውነተኛ ነው። እኔን ግን ከዚያ በፊት የሚመጣው ነገር ያሳስበኛል፤ ጥቆማ ራሱ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ጠቋሚው ድምፅ ሰጪ ነው ወይስ ምስክር? ድምፅ ይቆጠራል፤ ምስክርነት ይመዘናል። ድምፅ የሰጠን ሰው ለምን እንዲህ መረጥህ የሚለው የለም። ምስክር ግን ይጠየቃል፤ የጠራው ዳኛም ሊሰማው ግዴታ አለበት። የዛሬዎቹ መድረኮች ዋና ጥፋት ምስክሩን ድምፅ ሰጪ ማድረጋቸው ይመስለኛል። በብዛት ሲመጣ ይደነግጡለታል፤ ብቻውን ሲመጣ አይሰሙትም።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በብዙ አካባቢ ሲሠራበት ኖሯል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር ተበዳዩ ለአገር ገዢው አቤት ይላል፤ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሕዝቡ ይምላል፤ የሚያውቅ ሰው ያወቀውን ለእነርሱ በምስጢር ይናገራል። ልብ መባል ያለበት፣ ምስጢሩ ከተጠቆመው ሰው እንጂ ከሽማግሌዎቹ አልነበረም። ጠቋሚው ከበቀል ይጠበቃል፤ የሚሰሙት ሰዎች ግን ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ከተጠቆመው ጋር በወሰን ተካሶ እንደሆነ፣ ዐምና በገበያ ተሰዳድበው እንደሆነ ያውቃሉ። ቃሉ ከነባለቤቱ ይመዘናል።

አውጫጭኝን ማሞገሴ አይደለም። ሥራ ፈትቶ፣ ተርቦ፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሕዝብ ወደ ቤቱ ለመግባት ሲል ብቻ መጤውን፣ ደካማውን፣ ወገን የሌለውን ሊጠቁም ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር። መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን የሳተ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ለምን እርሱ? ልጁ ወደቀበታ! ሌላ ማስረጃ የለም፤ ይግባኝም የለም። «ጽሑፍዎ የማኅበረሰብ መመሪያችንን ስለሚጥስ ተነሥቷል» የሚል፣ የትኛው ቃል የትኛውን መመሪያ እንደጣሰ የማይናገር መልእክት ስልኩ ላይ የደረሰው ሰው የሌባ ሻይን ተከሳሽ ስሜት በመጠኑም ቢሆን ያውቀዋል።

በአውጫጭኝ የሚገርመኝ መጨረሻው ነው። ወንጀለኛው ካልተገኘ ተበዳዩ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የአካባቢው ሰው አዋጥቶ ይክሰዋል። ከባድ ሸክም ነው፤ ንጹሑም አብሮ ይከፍላል። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ ጥፋት የተፈጸመበት መሬት ባለቤቶች «እኛ አላየንም» ብለው እጃቸውን መታጠብ አይችሉም። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው፣ በተለምዶ «ሴክሽን 230» በሚባለው ሕግ ተቃራኒውን መረጠች። መድረኩን ያዘጋጀው ኩባንያ ሰዎች ለሚጽፉበት ነገር እንደ አሳታሚ አይጠየቅም፤ በቅን ልቦና ቢያነሣም አይከሰስም። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናውቃቸው መድረኮች ብዙዎቹ ባልተወለዱ ነበር፤ ያን አልክድም። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው ፌስቡክ ሳይኖር ነው፤ መድረኩ እንደ ሜዳ ዝም ብሎ የተዘረጋ ነገር ነው በሚል ግምት። የዛሬው መድረክ ዝም ብሎ አልተዘረጋም። የትኛው ጩኸት ለማን ጆሮ ቀድሞ እንዲደርስ የሚወስነው እርሱ ነው፤ ከጩኸቱም ገንዘብ ያገኛል።

ወደ ቋንቋ ልምጣ፤ ምክንያቱም መመዘን የሚጀምረው ከመስማት ነው። አንድ ገበሬ በሐምሌ «አረሙን ሳይበዛ እንንቀለው» ብሎ ቢጽፍ ስለ ጤፍ ማሳው ነው። ያችኑ ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው፣ በሌላ ወር፣ የአንድን መንደር ስም ጠቅሶ ቢጽፋት የሰው ነፍስ ታስጠፋለች። በቃላቱ መካከል ልዩነት የለም። ልዩነቱ በጸሐፊው፣ በሳምንቱ፣ ከሥሩ በተሰጠው አስተያየት ላይ ነው። የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ተሰጥቶት የሚያድን ማሽን ደግሞ በአማርኛ ገና ከበሩ ይደናቀፋል። አንዱ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፋል፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንደ ጸሐፊው ልማድ ይለዋወጣሉ፤ ቃሉ ላይ የ፣ በ፣ ለ፣ እንደ ከፊቱ፣ ኦች እና አቸው ከኋላው ይጣበቃሉ። ተሳዳቢው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በመሃል ነጥብ ጣል ያደርጋል፣ በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ወይም ጭራሹን ስድቡን ትቶ ቅኔ ይዘርፋል። ቅኔ ለበጎ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል፤ ሰሙ ምርቃት፣ ወርቁ ስለት የሆነ ጽሑፍ በየዕለቱ እናነባለን። ማሽኑ ከምርቃቱ አያልፍም። በአንጻሩ የተሰደበችው ሴት «እንዲህ ብሎ ሰደበኝ» ብላ ስድቡን ቃል በቃል ስትጠቅስ የምትያዘው እርሷ ናት።

ታዲያ ሰው ይመርምረው ይባላል። ሰውማ ነበረ። ፌስቡክ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የሚጻፈውን የሚያስመረምረው ናይሮቢ ውስጥ ሳማ በሚባል ተቋራጭ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ታይም መጽሔት ያወጣው ዘገባ እንደሚለው፣ ተቆጣጣሪዎቹ በአማካይ አንዱን ጉዳይ በ50 ሰከንድ ውስጥ እንዲወስኑ ይጠበቅባቸው ነበር። ሃምሳ ሰከንድ! በዚህ ጊዜ ውስጥ ገበሬውንና ገዳዩን መለየት ይቅርና ጽሑፉን ረጋ ብሎ እስከ ታች ማንበብም አይቻልም። ሥራቸው ሲታረድ፣ ሲቃጠል፣ ሲደፈር ማየት ነበር፤ ያውም ቀኑን ሙሉ፣ ያውም የራሳቸውን አገር ሰው። በኋላ ኩባንያዎቹን ኬንያ ውስጥ ከከሰሱት መካከል ከ140 በላይ የሚሆኑት በሐኪም ተመርምረው ከባድ የሥነ ልቦና ቁስል እንደደረሰባቸው ተረጋግጧል። ሽማግሌ ብለን ያስቀመጥነውን ሰው ራሱን አቁስለን፣ ሰዓት ይዘን ከላዩ ቆምንና «ፍረድ» አልነው። «የተጠቃሚው ብዛት ነው፤ ሌላ አማራጭ የለም» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2021 ያገኘው ገቢ ከ117 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዚያ ገንዘብ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚያነቡ፣ ጊዜና ጤና ያላቸው ስንትና ስንት ሰዎች ይቀጠሩ እንደነበር ለማስላት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓርግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ቦታ ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓርግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን፣ በጊዜው ምላሽ አለማግኘቱን በክሱ ገልጿል። ክሱን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ለኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ፕሮፌሰሩ በተገደሉበት በዚያው ሳምንት ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትሩን አንድ ጽሑፍ ግጭት ያነሣሣል ብሎ አንሥቶ ነበር። ጽሑፉ መነሣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን አሁን አልከራከርም። የምለው ጆሮው ደንቆሮ አልነበረም ነው። ዓለም የሚያየውን ትልቅ ጽሑፍ ሰምቷል፤ አንድ ልጅ ስለ አባቱ የሰጠውን ምስክርነት አልሰማም። ያ ልጅ ሊንክ በትኖ ሺህ ሰው ቢያሰልፍ ኖሮ ይሰማ ነበር ይሆን? ምናልባት። ምስክር ሆኖ ሳይሰማ የቀረ ሰው ለመሰማት ወሮበላ መሆን አለበት ማለት ነው።

መንግሥታት ይህን አይተው በራሳቸው መንገድ ገብተዋል። የእኛው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ሕገ ወጥነቱ ግልጽ ለሆነ ጽሑፍ ያንኑ 24 ሰዓት ሰጥታ ቅጣቱን እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ አድርሳው ነበር። የሰዓት ሕግ ሐሳቡ ይገባኛል፤ የተለጠፈ አድራሻ እስከ ነገ አይጠብቅም። ግን ሳታነሣ ብትቀር ትቀጣለህ፣ ያለ አግባብ ብታነሣ ማንም አይጠይቅህም የተባለ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ያጠራጠረውን ሁሉ ይጠርጋል። ያን ጊዜ ቀይ ቀስት የሳለው የቴሌግራም አዝማች ሥራው ይቀልለታል።

አንድ በቅርብ የማውቀውን ላንሣ። የአዲስ አበባ የሰፈራችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ግማሹ እዚያው ነው፣ ሌላው ቨርጂኒያም ዱባይም ተበትኗል። አድሚኗን ሁላችንም እታለም እንላታለን። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አንድ ልጅ የሰፈሩን ሱቅ ፎቶ ለጠፈና «ይህ ሱቅ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ተጠንቀቁ» ብሎ ጻፈበት። ፎቶው ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። በምትኩ የእታለም ጽሑፍ ተቀመጠ፦ «የሱቁን ፎቶ ከግሩፑ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያነሣሁት ሰውየውን በሥራው ሳይሆን በዘሩ ስለሚከስ ነው። ያየ ካለ ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አይደለም። የላከውን ልጅ በውስጥ አናግሬዋለሁ።» ወዲያው አንዱ ከውጭ አገር «ማን ሾመሽ?» አላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ማንም አልሾመኝም። ዛሬውኑ ሌላ ምረጡና ቁልፉን ላስረክብ።» እጁን ያወጣ አልነበረም። ልጁ ራሱ ሁለት ቀን ቆይቶ በግሩፑ ላይ ጻፈ፤ ለካስ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ኖሯል፦ «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ፎቶው ከሌላ ግሩፕ የመጣ ነበር።

እታለም ፍጹም ዳኛ አይደለችም። ስለ ወንድሟ ምግብ ቤት ክፉ የተናገረ ጽሑፍ በዚያ ግሩፕ ላይ ውሎ አያድርም፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እንስቃለን። ግን ቢያንስ አድልዎዋ ይታወቃል። ምን እንዳነሣች፣ ለምን እንዳነሣች፣ ማን እንዳነሣው ትናገራለች፤ ልንወርፋት የምንችለውም ለዚህ ነው። «ማን ሾመሽ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሹመት ደብዳቤ አይመስለኝም። ሥልጣኗን የሰጣት ምክንያቷን በአደባባይ መናገሯና ቁልፉን ለማስረከብ መዘጋጀቷ ነው። ፊቱን የማያሳይ፣ ምክንያቱን የማይነግር፣ ሊወርድ የማይችል ዳኛ ውሳኔው ትክክል በሆነበት ቀን እንኳ ፈረደ አይባልም፤ አስወገደ እንጂ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከሌሎቹ ይልቅ ወደዚህ የተጠጋ ነው። መድረኩ ጽሑፍ ሲያነሣ ለጸሐፊው ምክንያቱን ዘርዝሮ እንዲሰጥ፣ ቅሬታውንም እንዲቀበል ያስገድደዋል፤ ለጠቋሚውም ውሳኔው እንዲነገረው ያዛል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ብዙም የማይወራለትን አንቀጽ ነው፦ መሠረት የለሽ ጥቆማ የሚያዘወትር ሰው አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ከዚያ ጥቆማው ለጊዜው አይታይለትም። ሐሰተኛ ምስክር በባልንጀራው ላይ ያሰበው ፍዳ በራሱ ላይ ይዙር ያለው የሙሴ ሕግ ከዚህ ይከብድ ነበር፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው። መጠቆም ነጻ የሆነ፣ ዋጋ የማያስከፍል የጣት ሥራ ከሆነ ምስክርነት መሆኑ ያበቃል። ይህ ሲባል ጠቋሚው በአደባባይ ይጋለጥ ማለት አይደለም። የባሏን ዛቻ የምትጠቁም ሴት ስሟ ከባሏ መሰወር አለበት። ከዳኛው ግን አይሰወርም።

ይህን ሁሉ ብዬም የማይፈታልኝ አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መጨረሻ አንድ ኢትዮጵያዊ በፌስቡክ ላይ በአማርኛ ጻፈ። የሕወሓት ኃይሎች በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ሰው ገድለዋል፣ ሴቶችን ደፍረዋል፣ ዘርፈዋል፤ በዚያ የሚኖሩ የትግራይ ተወላጆችም አግዘዋቸዋል የሚል ነበር። ማሽን ጠቆመው፤ ተቆጣጣሪ አነሣው። ባለቤቱ ይግባኝ አለ፤ ሁለተኛ ተቆጣጣሪ ውሳኔውን አጸና። ጉዳዩ ወደ ኩባንያው የቁጥጥር ቦርድ ሲመራ ኩባንያው «ተሳስተናል» ብሎ በነሐሴ 27 መለሰው፤ መመለሱን ለሰውየው የነገረው ግን በመስከረም 30 ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ቦርዱ መጀመሪያውኑ መነሣቱ ልክ ነበር ብሎ ወሰነ። ጸሐፊው ምንጬ ቀደም ያሉ ዘገባዎችና በቦታው ያሉ ሰዎች ናቸው ብሎ ነበር፤ ቦርዱ በጦርነት መካከል ያልተረጋገጠ ወሬ አደጋ እንደሚያመጣ አየ። በአንድ ጽሑፍ ላይ አራት ውሳኔ!

ቦርዱ ምክንያቱን ጽፎ ማውጣቱ ያስመሰግነዋል። ግን በዚያው ዓመት መስከረም የትግራይ ተዋጊዎች በቆቦ ሲቪሎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ የምስክሮችን ቃል ሰብስቦ አውጥቷል። ያ የሐምሌው ጽሑፍ እውነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግድያው የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ማለት የፈለግሁት፣ በጦርነት ቀጠና ያለ ሰው ምስክርነት ብዙውን ጊዜ ወሬ መስሎ ነው የሚመጣው። ስልክ ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ምንጩን ስም ጠርቶ ቢናገር ያስገድለዋል። «አይተህ ነው?» ብንለው «አይ፣ ያየች አክስቴ ናት» ይለናል፤ አክስቱን ደግሞ ማግኘት አይቻልም። ያልተረጋገጠውን ሁሉ ብናነሣ የነገ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ አክራሪነትን አድናለሁ ብሎ ባሰማራው ማሽን የሶርያን ጦርነት ወንጀሎች የመዘገቡ በሺህ የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ወርደው ነበር።

በዚያ የራያ ቆቦ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ክሶች ነበሩ። አንዱ በታጠቀ ኃይል ላይ ነው፤ ሐሰት ቢሆን እንኳ ታጣቂው ራሱን መከላከል ይችላል፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ዓለም ሊሰማው ይገባል። ሌላው በጎረቤት ላይ ነው፤ ጠመንጃ በሌለው፣ ስሙ ባልተጠቀሰ፣ በተወለደበት ዘር ብቻ በተከሰሰ ሰው ላይ። የሚያስገድለው ይህኛው ነው። «አንሣ» እና «ተው» የሚሉት ሁለት ቁልፎች ግን ይህን መለየት አይችሉም፤ አንዱን ቢጫኑት የታጣቂው ክስ ይጠፋል፣ ሌላውን ቢጫኑት ጎረቤቱ ይጋለጣል። እኔ ዳኛ ብሆን ጽሑፉን ለጊዜው አግጄ ሰውየውን እጠራው ነበር፦ ስለ ጎረቤቶቹ የጻፍካትን ዓረፍተ ነገር አውጣ፤ ስለ ታጣቂዎቹ የሰማኸውን ከማን፣ መቼ፣ ከየት እንደሰማህ ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ቀሪው ይለጠፋል። እምቢ ካለ ይነሣል፤ ቅጂው ግን ለመርማሪ ይቀመጣል። ይህን ለማድረግ አማርኛ የሚያውቅ ሰው፣ ግማሽ ቀን ጊዜና ደውሎ የሚያነጋግርበት ስልክ ይበቃ ነበር። ያ ጽሑፍ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞር ጸሐፊውን ደውሎ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ በውሳኔው ላይ አላነበብኩም።